ለመሪው የተተከለው ድንኳን

በእኛ ጊዜ፣ አሉ አያቴ፣ የሰው ሞት የሚነገረው በጥሩምባ ነበር፤ ያን ጥሩምባ ደግሞ የምነፋው እኔ ነበርኩ፣ እዚሁ አማኑኤል፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ። ታዲያ አንድ ቀን ራዲዮኑ የአገሩ መሪ ተገደለ አለ፣ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ በገዛ ሰዎቹ መሃል። በሰሜን ጦርነት ነው፣ ወንድም ከወንድም ይተላለቃል፣ እና በላዩ ይህ መጣ። የዕድሩ ዳኛ አያ ደሴ እያለከለከ መጣና «ተነስ፣ ንፋ» አለኝ። እኔም የዋህ ነኝ፣ «የዕድራችን አባል ነበር እንዴ?» አልኩት። «ዝም ብለህ ንፋ፤ ነገ ወረዳዎቹ ማን አለቀሰ ብለው ይጠይቃሉ» አለኝ። ነፋሁ። ምን ላድርግ፣ ነፋሁ።

ድንኳኑ ገበያው ዳር ተተከለ። ታዲያ ያለቀሰ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ክርክር ነው እንጂ። ባሻ ዘለቀ ጥግ ይዞ ጺሙን እያሻሸ «ጥይቷ የገባችው በቀኝ ነው» ይላል፣ ራሱ ገንዞት የመጣ ይመስል። አያ ደሴ ደግሞ በግራ ነው ይላል፤ የገደሉት ወዳጆቹ ናቸው፣ ጦርነቱንም የጀመሩት እነሱ ናቸው ይላል። ባሻ ደግሞ የለም፣ ጦርነቱን የጀመረው ራሱ ሟቹ ነው ይላል። ስሙኝማ፣ ሁለቱም ከደብረ ማርቆስ አልፈው አያውቁም። ደብረ ማርቆስም የሄዱት በእርሻ ድንበር ተካሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ቁስለኛ ወታደር ከአውቶቡስ ወረደና ወደ ድንኳኑ መጣ፣ እና የእትዬ ዘነቡ ልጅ አበጀ ጦርነቱ ላይ ሞቷል አለን። እትዬ ዘነቡ ባሏ የሞተባት፣ ከአበጀ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ናት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ደጇ ይኬዳል፣ ደግፈው ይዘው ይነግሯታል፣ ከዚያ እኔ እነፋለሁ። እና ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን ብዬ ጠበቅሁ። ነጋ፣ ማን ይነሳ። ወታደሩ ሳያስበው፣ አበጀ መጨረሻ ላይ ከጦሩ ጠፍቶ ነበር፣ ወዲያኛው ወገን ገብቷል የሚሉም አሉ ብሎ ነበርና፣ በቃ፣ እሳት ላይ ጭድ ጣለ። ወዲያ ከሆነ የዕድር ድንኳን አይገባውም አለ ደሴ። ወዲህ ነው አለ ባሻ። የቀረውም ሰው ለሁለት ተከፈለ። እና ወገኑ ሳይለይ መርዶው አይነገርም ተባለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ንፍሮ ይዛ የምትገባው ማን ናት? ራሷ እትዬ ዘነቡ። የአገር ለቅሶ ነው ተብላ፣ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ፣ ለእያንዳንዱ በእፍኝ በእፍኝ እያደለች ታልፋለች። ስትገባ ሁሉም ዝም፤ ስትወጣ ወዲያ ነው፣ ወዲህ ነው። እኔ ዘንድ ስትደርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ «የኔ ልጅ፣ ይሄ መሪ እናት ነበረችው ይሆን? ማን ነገራት?»

ንፍሮዬን መሬት አስቀመጥኩ። ወጣሁ፣ ጥሩምባውን አነሳሁ፣ ነፋሁና «የእትዬ ዘነቡ ልጅ አበጀ አርፏል» አልኩ። እንዲህ አይደረግም፣ አውቃለሁ። እናት የልጇን ሞት ከጥሩምባ አትሰማም። ያ ነውር የኔ ነው፣ ለማንም አልሰጥም።

ወደቀች። ሴቶች አነሷት። ታዲያ ገና ሳታለቅስ ወደ ድንኳኑ ዞረችና «መቼ ነው የሰማችሁ?» አለች። ጥይቷ በየት በኩል እንደገባች የሚያውቀው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ወታደሩ ነው «ትናንት ጠዋት» ያላት። «እያወቃችሁ ነው እንግዲህ ከእጄ ስትበሉ የዋላችሁት» አለች።

ድንኳኑን ነቅለን ወደ ደጇ ወሰድነው። ደሴና ባሻ አንዱን ምሰሶ ፊትና ኋላ ሆነው ተሸክመው፣ «በቀኝ ነው»፣ «በግራ ነው» እያሉ ነው የሄዱት። እናንተም ዛሬ በየስልካችሁ የምትባባሉት ይህንኑ ነው፤ ምሰሶ አለመሸከማችሁ ብቻ።

አጎቴ ሙሉቀን፣ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ይህን ሲሰማ ስልኩን አስቀመጠ።

«ግን አባዬ፣ እውነቱን፣ አበጀ በየትኛው ወገን ነበር?»

አያቴ ትን እስኪላቸው ሳቁ። «እኔ የወለድኩህ መስሎኝ ነበር» አሉት፣ «ለካ የባሻ ልጅ ነህ።»