ዱሬቲና ጥቁሩ ሻርፕ

ከያዮ ወደ መቱ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሩሙ ሳይደርስ ቆመ። ከፊቱ ቡና የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «እንግዲህ ውረዱና ንፋስ ተቀበሉ» አለ፤ የሚወርደው ግን ዝናብ ነበር። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ከመንገዱ ዳር ወዳለች አንዲት የተዘጋች ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠጋ።

ከሁሉ ይልቅ የተቁነጠነጠችው ዱሬቲ ነበረች። ዱሬቲ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት፤ መቱ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚያው ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ስልኳን ታወጣለች፣ ኔትወርክ የለም፣ መልሳ ትከታለች። እስከ ጭቃው ድረስ ሄዳ አይሱዙውን ታያለች፤ አይታ ስትጨርስ ደግሞ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ከሱቁ በር አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሁኔታዋን ሲያዩ ቆዩና አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ እንጂ። እኔንም እኮ አዞርሽኝ! የምትደርሺለት በሽተኛ አለ?»

«በሽተኛስ የለም ጋሼ። ነገ ከሰዓት ስብሰባ አለብኝ።»

«ነገማ ገና ነው።»

«ለእኔ ገና አይደለም።»

ሰው ሲጨንቀው ለማያውቀው ሰው መናገር ይቀለዋል። ዱሬቲም ሳትጠየቅ ዘረገፈችው። ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ስካውት ለማቋቋም በበጎ ፈቃድ ተነስታ ነበር። አሥራ አራት ልጆች ተመዘገቡ። አሁን ግን ወላጆቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን እያስወጡ ነው። ርዕሰ መምህሩ ነገ እሑድ ሁሉንም ጠርቷል፤ ካልተስማሙ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀበራል። ያዮ ድረስ የሄደችው የቀድሞ መምህርቷ ወይዘሮ ገለኔ መጥተው እንዲናገሩላት ለመለመን ነበር። አልተመቻቸውም። ባዶ እጇን እየተመለሰች ነው።

«ስካውት ማለት ያ በሰልፍ የሚሄደው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሰልፉ ትንሹ ነው ጋሼ። ቁስል ማሰር፣ ገመድ መቋጠር፣ በሰው ፊት ቆሞ መናገር፣ በየተራ ጓደኞቻቸውን መምራት ይማራሉ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ጫካ እንወጣለን።»

«ደመወዙስ?»

«ደመወዝ የለውም።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አየሽ፣ ሰው የሚጠረጥረው ይኼን ነው! በነፃ የሚሰጥ ነገር ሲያይ ከጀርባው ምን አለ ይላል።»

«ጋሼ እድር የለዎትም?»

«ምን ማለትሽ ነው? የሰፈሬ እድር ዳኛ ነኝ!»

«ታዲያ በዝናብ ድንኳን ሲያስተክሉ ሲውሉ ማን ይከፍልዎታል?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። መልሱ ጠፍቷቸው አይደለም፤ መልሱ ለእሷ የሚያደላ ሆኖባቸው ነው።

«እሱስ ይሁን። ግን ሴት ልጅ ጫካ ምን ታደርጋለች? ደግሞስ አንቺ ራስሽ ገና አላገባሽ፣ አልወለድሽ። የሰው ልጅ ሰብስበሽ ስትወጪ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ቤቴ ብቀመጥም ይላል። ልጠይቅዎት እስቲ፤ የቡና ለቀማ ሲደርስ የእኛ አገር ልጃገረዶች የት ነው የሚውሉት?»

«ጫካ ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

«ከለቃሚው ጋር።»

«ለቃሚው ማን ነው? ከየት የመጣ ነው? እባብ ቢነድፋት ምን ያደርግላታል? ያኔ 'ልጄን ለማን ሰጠሁ' ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ አላየሁም። ለቡናው ሲሆን ጫካው ጓሮ ነው፤ ልጅቷ ልትማርበት ሲሆን ነው አውሬ የሚበዛበት!»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ኖሮ ተሳፋሪዎቹ ዞረው አዩዋት። ዱሬቲ እንዲህ ናት፤ ስትከራከር የምትከራከረውን ሰው ዕድሜ ትረሳለች። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም።

«አፍሽስ ስለታም ነው» አሉ። «እንዲህ ማስረዳት እየቻልሽ ወላጆቹ ለምን ሸሹሽ ታዲያ?»

ዱሬቲ አቀረቀረች።

«በራሴ ጥፋት ነው። ልጆቹ አንገታቸው ላይ የሚያስሩት አንድ ዓይነት ሻርፕ እንዲኖራቸው ፈለግሁ። ገበያ ብዞር ለአሥራ አራት የሚበቃ አንድ ዓይነት ጨርቅ ከጥቁር በቀር አጣሁ። ጥቁርም ቀለም ነው ብዬ ገዛሁ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው እንዳሰሩት ወደየቤታቸው ሮጡ።»

አንገቷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ እየሮጠች የምትመጣ ልጅ ምን ልታረዳ እንደምትመጣ መቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዱሬቲም ታውቅ ነበር፤ ችኮላ ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

«አንድ ቤት» ብላ ቀጠለች፣ «ልጅቷ ገና ከበር ስትገባ አያቷ አዩዋትና 'ልጄን!' ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ልጃቸው የጋምቤላ መስመር ሾፌር ነው አሉ። ጎረቤት ወጣ፣ ለቅሶ ሆነ። ሰውየው በስልክ እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ቀን በቁሙ ተለቀሰለት። ከዚያ ወዲህ ስሜ መርዶ ነጋሪዋ ሆነ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አወረዱ።

«የልጅ ልጄ ናት» አሉ። «በቁሙ የተለቀሰለትም ልጄ ነው። ገብረ መድኅን እባላለሁ። መሬት የወደቀችው ባለቤቴ አበባየሁ ናት።»

ዱሬቲ ክው አለች። ስማቸውን በደንብ ታውቀዋለች። ወላጆቹ ሁሉ የእኚህን ሰው ፊት አይተው ነው ልጆቻቸውን ያስወጡት፤ ነገም የሚጠብቁት እሳቸው የሚሉትን ነው። ተነሳች፤ ግን በዚያ ዝናብ የት ይኬዳል? መልሳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወዲያው ደብዳቤ ልኬ ነበር።»

«ደርሶናል። ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ 'በተፈጠረው አለመግባባት' የሚል። ልጄ፣ ሰው አስለቅሶ ደብዳቤ ይላካል? ሰው ያስለቀሰ በእግሩ ነው የሚሄደው። አበባየሁ ሳምንቱን ሙሉ በር በሩን ስታይ ነበር። ልትሰድብሽ እንዳይመስልሽ፤ ትመጣለች ብላ ነው።»

ዱሬቲ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ስለ ጨርቁ ለርዕሰ መምህሩ አስረድታለች፣ ለቀበሌ አስረድታለች፣ ያዮ ድረስ ሄዳ ለመምህርቷ አስረድታለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አንድ እርምጃ አልተራመደችም። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ያስረዳ ሁሉ የካሰ ይመስለዋል።

«ሌላም ልጠይቅሽ» አሉ ጋሼ ገብረ መድኅን። «ጫካ ስትወጡ ካንቺ ጋር ማን አለ?»

«እኔው ነኝ።»

«አሥራ አራት ልጅ ይዘሽ ብቻሽን? አንዷ እግሯ ቢሰበር፣ አሥራ ሦስቱን ለማን ትተሽ ነው እሷን ሐኪም ቤት የምታደርሺው?»

እስካሁን ለሁሉ መልስ የነበራት ልጅ ቀስ ብላ፣ «መመሪያው ሁለት አዋቂ ይላል» አለች። «እኔ ግን ብቻዬን የምበቃ መስሎኝ ነበር።»

«ትበቂያለሽ?»

«አልበቃም ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ አይሱዙው ዞሩ። ሰዎች ገመድ አስረው እየጎተቱት ነበር።

«ስለ ቡናው ያልሽው እውነት ነው» አሉ። «እኔም የልጅ ልጄን ለለቀማ ስሰድ 'ከማን ጋር' ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁሉን አውቃለሁ ለምትል ሰው ዶሮዬንም አልሰጥ። አልበቃም ካልሽ ግን የልጅ ልጄን እሰጥሻለሁ። ሁለተኛ ሴት ፈልጊ። ከዚያ በፊት ግን አበባየሁ ዘንድ እንሄዳለን።»

መቱ እንደደረሱ ከመናኸሪያ በባጃጅ ቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እትዬ አበባየሁ ምስር እየለቀሙ ነበር። ዱሬቲ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ በሩ ላይ ጠፋት፤ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር በሉኝ እትዬ። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ።» እሳቸውም የያዙትን ምስር አስቀምጠው፣ «ተነሺ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ስካውት ምን እንደሆነ አልጠየቁም። እራት ካልበላሽ አትሄጂም ብለው ግን አስቀመጧት።

በማግሥቱ ክፍሉ ሞላ። ጋሼ ገብረ መድኅን ተነሱና፣ «እኔ ነኝ ያሸሸኋችሁ፤ እኔው ልመልሳችሁ» አሉ። «ቁስል ማሰር የምታውቅ ልጅ በለቀማ ቀን የእናቷን ሕይወት ታተርፋለች። በሰው ፊት መናገር የለመደች ልጅ ክፉ ሰው ሲነካት ዝም አትልም። የጴንጤውና የኦርቶዶክሱ ልጅ አንድ ገመድ ሲቋጥሩ ካደጉ ደግሞ ነገ እድራችንን ለሁለት አይከፍሉትም። ይኼን ሁሉ በነፃ ላምጣ ያለችንን ልጅ በአንድ ጨርቅ ማባረር ነውር ነው።»

ጭምዴሳ የተባለው አናጢ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ጥሩ ብለዋል። ግን ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል ተባለ። ሁለተኛዋ ማን ናት? ቅዳሜዋን በነፃ የምትሰጥ ማን አለች?»

ዱሬቲ በዓይኗ እናቶቹን አንድ በአንድ ዞረች፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አበባየሁ።

ጋሼ ገብረ መድኅን እንኳ ደንግጠው ዞሩ።

«ፊደል አልቆጠርኩም፤ ገመድ ሲቋጠርም አላየሁ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ግን ያን ቀን እኔ መሬት ወድቄ ስጮኽ፣ ልጅቷ ልብሴን እየጎተተች 'እማማ፣ ማንም አልሞተም፣ የስካውት ነው' ትለኝ ነበር። ደግማ ደጋግማ ነገረችኝ። ለጎረቤቱም ለእያንዳንዱ ነገረች። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ናትና ማንም አልሰማትም። በሕይወት ላለ ልጄ ግማሽ ቀን ያለቀስኩት በጨርቁ አይደለም፤ ሴት ልጅ ስትናገር መስማት ስላልለመድን ነው። እኔ እንግዲህ አርጅቼም ቢሆን እለምዳለሁ።»

ጭምዴሳ ተነስቶ የወላጆች ፈቃድ ወረቀት ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደ፤ እስክሪብቶውንም አነሳ። ሊፈርም ጎንበስ ካለ በኋላ ግን ቀና አለና፣ በር ላይ ቆማ ወደምታየው ልጁ ወደ ኢብሴ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

ኢብሴ ከተወለደች አባቷ እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር። ግራ ተጋብታ ወደ እናቷ አየች፣ ወደ ዱሬቲ አየች፣ ከዚያ ወደ አባቷ።

«እፈልጋለሁ» አለች። ጭምዴሳም ፈረመ።