ባዶው ግርግም

ክቡራትና ክቡራን፣ ኃላፊያችን ሲስተር ትሁት፣ የሙአለ ሕፃናታችን መምህራንና ሠራተኞች በሙሉ፤

በዚህ የሥራ ውጥረት መሐል አዳራሽ አሰናድታችሁ ለጡረታ ስንብቴ ይህን ያህል ስለደከማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ንግግሬን በወረቀት ጽፌ የመጣሁት ዕድሜ አስረስቶኝ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገናው የልደቱን በረት ከነምስሎቹ ስሠራ ኖሬአለሁ። በስሙ እንኳ ተስማምተን አናውቅም። ጣሊያኗ ሲስተር «ፕሬሴፒዮ» ትለው ነበር፤ ስፔናዊቷ ስትመጣ «ቤሌን» አለችው፣ ቤተልሔም ማለቷ ነው፤ ፖላንዳዊቷ ደግሞ «ሾፕካ»። ልጆቹ «የጌታ ቤት» ብለው ገላገሉን።

ጣሊያኗ፣ በአገሯ ዳቦ ጋጋሪውም ዓሣ ሻጩም በረቱ ውስጥ ከእረኞቹ ጋር እንደሚቆሙ ስትነግረን፣ ጥበቃችን ሸምሱ ምን አለ? «ታዲያ የእኛ የሚዛን ከተማ ሰው ምን አጠፋ?» በማግስቱ ቅርጫት ያንጠለጠለች ቡና ለቃሚ ከጭቃ ሠርቶ አመጣ። ሰብአ ሰገልን በባጃጅ ላምጣ ሲል ግን ከለከልኩት።

እንደምታውቁት የሕፃኑ የጌታ ምስል ግርግሙ ውስጥ የሚተኛው በዋዜማው ነው። እስከዚያ ግርግሙ ባዶ ነው፤ ሕፃኑን መጋዘን ውስጥ የምደብቀው እኔ ነኝ። የ2002 ገና ዋዜማ «ሕፃኑ ጠፋ» የተባለውን ታስታውሳላችሁ?

አልጠፋም። መጋዘኑ ለጽዳት ተከፍቶ ሳለ ብቻዬን ገብቼ ከመደርደሪያው ሳወርደው ከእጄ አመለጠኝና ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ደነገጥኩ። ስብርባሪውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

የመጋዘኑ ቁልፍ የነበረው በጽዳት ሠራተኛችን በማሚት እጅ ነው። ሌባ ያላት የለም። ቁልፉን ግን ተቀበሏት። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

ያን ሳምንት መጥታ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ አንቺም ወስዳለች ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። እያወቅሁ።

ይኸው አራት ዓመት፣ ገና በመጣ ቁጥር ማሚትን ቀና ብዬ አላያትም። ዛሬ ጠዋት ይህን አዳራሽ የጠረገችው እሷ ናት፤ ወንበሬ ላይ አበባ ያስቀመጠችውም እሷው። እንዴት አፌን ዘግቼ ልሂድ?

ሲስተር ትሁት፣ ስጦታ እንዳዘጋጃችሁልኝ ሰምቻለሁ። እሱ ይቅርብኝና የመጋዘኑን ቁልፍ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ለማሚት መልሱላት።

ማሚት፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ዛሬ ባይሆንልሽም አልቀየምሽም።

ሁላችሁንም ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ዝናቡ በጊዜው ይምጣላችሁ፣ ቡናችሁ ፍሬ ይያዝላችሁ። እንደ እኔ በፍርሃት የሰው ስም ከማጉደፍ ይጠብቃችሁ።

ጨርሻለሁ። አታጨብጭቡልኝ፤ ማሚት ትናገር።