ውሃው እስኪጠራ

(እሑድ ከሰዓት፤ አቶ ደምሰውና ብቸኛ ልጃቸው ማኅደር ሳሎን ውስጥ፣ ውሃው ሻይ በመሰለ አኳሪየም ፊት ቆመዋል። ማኅደርን ለይድነቃቸው ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች መልስ ሊሰሙ እየመጡ ነው።)

ደምሰው፦ አልጠራም ስልሽ አልጠራም! ይኸው እዪው። ደውለሽ ሽማግሌዎቹን መልሻቸው።

ማኅደር፦ አባዬ፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ደግሞ ሙሽራ ደውላ ሽማግሌ ስትመልስ የት አገር አየህ?

ደምሰው፦ ባለፈው ምን አልኳቸው? «ውሃዬ ሲጠራ ተመለሱ» ነው ያልኳቸው። ቃል ቃል ነው።

ማኅደር፦ እነሱ እኮ ቀልድ መስሏቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያውም ቆመው! መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ወንበሩን እንኳ አልነኩም።

ደምሰው፦ ዛሬም ይቁሙ። ውሃው ውስጥ ያለውን ይኼን እንጨት ያመጣው ማነው? የነሱ ልጅ! ዓሣዎቼ በሰላም ሲኖሩ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጉማጅ አንስቶ «ስጦታ» ብሎ መጣ። ውሃዬን አጠቆረና አሁን ደግሞ ልጅዎን ይስጡኝ ይላል።

ማኅደር፦ ይድነቃቸው መጀመሪያ ይቀቀል፣ ቀለሙን እስኪጨርስ ይዘፍዘፍ አላለህም?

ደምሰው፦ እንጨት ይቀቀላል እንዴ? ጎመን መሰለሽ?

ማኅደር፦ ይኸው ሳይቀቀል ሻይ አፈላልህ።

ደምሰው፦ አፍሽን ያዢ!

ማኅደር፦ በኋላ አውጥቼ የቀቀልኩት እኔ። ውሃውን በባልዲ እየቀነስኩ የምቀይረው እኔ። ቀለሙን ይመጥጣል ብዬ ማጣሪያው ውስጥ ከሰል የጨመርኩትም እኔ።

ደምሰው፦ የዘንድሮ ዕቃ ምኑ ይታመናል!

ማኅደር፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ጠዋት ማጣሪያውን ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ደምሰው፦ ዓሣዎቹ በልተውት ይሆናል።

ማኅደር፦ ከዚያ በፌስታል ቋጥረው ቁም ሳጥንህ ውስጥ፣ ካልሲህ ሥር ደበቁት?

ደምሰው፦ የሰው ቁም ሳጥን ትበረብሪያለሽ?

ማኅደር፦ ለሽማግሌዎቹ የምታደርገውን ካልሲ ላዘጋጅልህ ብዬ ነው። ባትጨቀጭቀኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።

ደምሰው፦ እሺ፣ ምን ልበል? እናትሽ ካለፈች ወዲህ እዚህ ቤት «እንዴት አደርክ» የሚለኝ ማነው? አንቺ ነሽ። ዓሣ አያወራ! ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ።

ማኅደር፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ደምሰው፦ አባት ልጁን «አትሂጂብኝ» ይላል? ያሳፍራል። ብቻ ለዚያ ልጅ እንዳትነግሪው፤ መሳቂያ ያደርገኛል።

ማኅደር፦ ነገርኩት እኮ። ፌስታሉን እንዳገኘሁ በንዴት ደወልኩለት።

ደምሰው፦ አዋረድሽኝ! ምን አለ?

ማኅደር፦ «ከነበረበት መልሺው» አለኝ።

ደምሰው፦ ማጣሪያው ውስጥ?

ማኅደር፦ ካልሲው ሥር። «ቀለሙ ዓሣዎቹን አይጎዳቸውም። አባትሽ ራሳቸው እስኪያወጡት እጠብቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም ደጋግሜ እልካለሁ» አለ።

ደምሰው፦ እንዲህ አለ?

ማኅደር፦ እንዲህ አለ። ውይ፣ በሩ ተንኳኳ! አባዬ፣ ምን ልበላቸው?

ደምሰው፦ አንቺ ሩጪና ያንን ፌስታል አምጥተሽ ከሰሉን ማጣሪያው ውስጥ ጨምሪው። በሩን እኔ እከፍታለሁ፤ ወንበርም ላቅርብላቸው፣ ዛሬ ይቀመጣሉ።