የጥቁሪት በር

(ጣና ዳር፣ የጥቁሪት ወንዝ ወደ ሩዝ ማሳ በሚጠለፍበት የብረት በር አጠገብ፤ የመስከረም መጀመሪያ ረፋድ፣ ዝናቡ ካቆመና በሩ ተዘግቶ ውሃው ወደ ማሳው ከዞረ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የውሃ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት አቸነፍ የበሩን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ አሳ አስጋሪው ቢተው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።)

አቸነፍ፦ አልከፍትም አልኩህ። ደግመህ ብትጠይቀኝ ደግሜ አልከፍትም ነው የምልህ።

ቢተው፦ ሁለት ቀን ነው ያልኩህ፣ አያ አቸነፍ። ከዛሬ እስከ ነገ ወዲያ።

አቸነፍ፦ ሁለት ቀን ለአሳ። ሩዙ ዛላ ሊያወጣ አንገቱን ቀና ሲያደርግ እኔ ውሃውን ወደ ሐይቅ ልልቀቅ። ውሃ ጎደለኝ ብሎ ሐይቁ ነው የላከህ?

ቢተው፦ የጎደለው አፉ ላይ ነው። ወንዙ ሐይቁን የሚነካበት ቦታ። አንድ ቀን ወርደህ አይተኸዋል?

አቸነፍ፦ እኔ ከዚህ በታች ምን ጉዳይ አለኝ?

ቢተው፦ እሱን ነው የምልህ። ለአንተ ከበሩ በታች አገር የለም። ነጩ አሳ መጥቶ አፉ ላይ ቆሟል፣ ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ። የወንዙ ውሃ ካልሸተተው ወደ ላይ አይወጣም፣ ወጥቶ ጠጠር ካላገኘ አይጥልም። ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። አሁን ጭቃ ላይ ሊጥለው ነው፤ ጭቃ ላይ የወደቀ እንቁላል ታፍኖ ይቀራል።

አቸነፍ፦ ይጠብቅ። ሰውም ተራውን ይጠብቃል።

ቢተው፦ ምጥ የያዛት ሴት ተራ ጠብቂ ትባላለች?

አቸነፍ፦ የአሳ አዋላጅ መሆንህን አላወቅሁም ነበር።

ቢተው፦ ሳቅ። እንቦጩ ሲመጣም እንደዚሁ ትስቃለህ። ድሮ ወንዙ እየገፋ ወደ መሀል ይመልሰው ነበር። ዛሬ የሚገፋው አጥቶ አፉ ላይ ተኝቷል፣ ሥር እየሰደደ ነው። በጥቅምት ሩዝህ መሀል ታገኘዋለህ።

አቸነፍ፦ የጥቅምቱን በጥቅምት እናየዋለን። እኔ ዛሬ የማየው ዘጠና አባወራ ነው። በር ከፍቼ ሩዙ ፍሬ ሳይቋጥር ቢቀር የሚሰቅሉት እኔን ነው፤ አንተ ታንኳህ ላይ ወጥተህ ትሄዳለህ።

ቢተው፦ ማሳው ጠግቧል። ስመጣ እኮ በመሀሉ ነው ያለፍኩት። በታከለ ማሳ ድንበር ላይ እንቁራሪት ትዋኛለች። ሁለት ቀን አይደለም አራት ቀን ይችላል።

አቸነፍ፦ ማሳ የሌለው ሰው ስለ ማሳ ሲያወራ መስማት ደስ ይላል።

ቢተው፦ ለምን እንደሌለኝ አንተ ታውቃለህ፤ የውሃ ተራ የተነፈገ ማሳ ማሳ ሆኖ አይቆይም።

አቸነፍ፦ ጀመረህ።

ቢተው፦ የጀመርከውስ አንተ ነህ። ሦስተኛ ክፍል፣ መምህሩ ስም ጠሪ ያደረጉህ ቀን። ከዚያ ወዲህ ስም መጥራትና ስም መሰረዝ ለመደብህ።

አቸነፍ፦ እኔ ስምህን አልሰረዝኩም። አባትህ ሲሞት ተራው አብሮት ሞተ። ሕጉ ነው።

ቢተው፦ ሕጉ ሌላ ነው። «ቦይ የጠረገ ተራ አለው» ነው ሕጉ። ዋርካው ሥር የተማለው ይሄ ነው፤ ማሳ ያለው አልተባለም። ዘንድሮ ስጠርግ አላየኸኝም? አምናስ? ካቻምናስ?

አቸነፍ፦ ማን ጥረግ አለህ?

ቢተው፦ ማንም። አካፋዬን ታያለህ፣ ስሜን ትዘላለህ።

አቸነፍ፦ ተራስ ብሰጥህ ምን ልታጠጣበት? ታንኳህን?

ቢተው፦ የሚስትህ ወንድም ታከለ በተራው ባሕር ዛፍ ሲያጠጣ ምን አልክ? ሰው ሁሉ ሰምቷል። «ተራውን የያዘ ሰው ውሃውን የት እንዳፈሰሰ አይጠየቅም» አልክ። እኔም ተራዬን ሐይቅ ላይ አፈስሰዋለሁ። አትጠይቀኝ።

አቸነፍ፦ ታከለን ተወው። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ቢተው።

ቢተው፦ ዘንዶውማ ወጥቶ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

አቸነፍ፦ አፍህን ያዝ። በልጄ ሰርግም እንደዚሁ ነበር፣ እንግዳ ፊት ስትሳደብ የዋልከው።

ቢተው፦ በልጅህ ሰርግ ከዳሱ ውጭ ነው ያስቀመጥከኝ፣ አሳ አሳ ይሸታል ብለህ። እኔ ያመጣሁት አሳ ግን ዳስ ገብቶ መሀል ተቀምጧል፣ በትሪ።

አቸነፍ፦ አሥራ አንድ ዓመት ይህን ይዘህ ትዞራለህ?

ቢተው፦ ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።

አቸነፍ፦ እንግዲያው እኔም የያዝኩትን ላውጣው። አንተ ለአሳው አዝነህ አይደለም። እኔ በሩን ስከፍት አንተ አፉ ላይ መረብ ልትዘረጋ ነው። አምና ወንዙ ሞልቶ ስከፍት ከደንገል እስከ ደንገል ወጥረህ አንዱንም ወደ ላይ አላሳለፍክም። እንቁላሉን በባልዲ ስትደፉ ሰው አይቶ ነግሮኛል።

ቢተው፦ ዘርግቻለሁ። ሁላችንም ዘረጋን፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ። ሚስቴ «የዘር እህል ነው የምትበላው» ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ዘንድሮ የመጣው የአምናውን ሲሶ አይሆንም። ይሄ ሳይወልድ ከቀረ መረብ የምጥለው ለእንቦጭ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ማንም አፉ ላይ እንዳይዘረጋ ተማምለናል።

አቸነፍ፦ የአሳ አስጋሪ መሐላ። ውሃ ላይ ተጽፎ ውሃ የሚወስደው።

ቢተው፦ መሐላውን ተወው። ታንኳዬን ፈትሽ፣ ቤቴን ፈትሽ። መረብ የለኝም።

አቸነፍ፦ ያ ድርቡ መረብህ? ከልጆችህ ይልቅ የምትሳሳለት? ደብቀኸው ነው።

ቢተው፦ የለኝም አልኩህ።

አቸነፍ፦ ያለ መረብ መጥተህ እኔን በር ታስከፍታለህ። ስማኝ፣ ይህ ውሃ እንዲሁ አልቆመም። ማክሰኞ እንኳ እዚያች ጠርዝ ላይ ቦዩ ተደርምሶ፣ ውሃው ሁሉ ዞሮ ወደ ወንዙ ሊገባ ሲል፣ በአንድ ቀን ነው ያስጠገንኩት።

ቢተው፦ ማክሰኞ አንተ የት ነበርክ?

አቸነፍ፦ ወረዳ፣ ስብሰባ። ቢሆንም የሠሩት የእኔ ሰዎች ናቸው።

ቢተው፦ ምን እንደያዘው አይተሃል?

አቸነፍ፦ ድንጋይ ነዋ። ሌላ ምን ይይዘዋል?

ቢተው፦ ድንጋይ ብቻውን ቢሆን ዛሬ ሐይቅ ውስጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ጆንያ ደረደርን፣ ሦስት ጊዜ እንደ ቅጠል ወሰደው። የአንተ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ታከለ «ሩዙ አለቀ» ብሎ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ።

አቸነፍ፦ «ደረደርን» ትላለህ? አንተ እዚያ ምን አገባህ?

ቢተው፦ ቦይ የጠረገ ተራ አለው ብዬ ነዋ። ውረድና ጭቃውን በእጅህ ጠረግ አድርገው። ድንጋዩን አቅፎ የያዘው ምን እንደሆነ ታያለህ። ጫፉ ላይ ሚስቴ የቋጠረችው ቀይ ክር አለበት።

አቸነፍ፦ ድርቡን?

ቢተው፦ ድርቡን። ዘጠና አባወራህ ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ የሚጠጣው በአሳ መረብ ነው። እሱም አሳ አሳ ይሸታል፣ ሩዙ ግን አልተጠየፈውም።

አቸነፍ፦ ማንም አልነገረኝም።

ቢተው፦ ስሜን መጥራት ከማን ይማሩ?

አቸነፍ፦ እና አሁን ምን ልትል ነው?

ቢተው፦ አሳው ውሃው በበሩ ይምጣ በፈረሰው ጠርዝ አይጠይቅም። ወይ ቁልፉን ከአንገትህ አውልቅ፣ ወይ ወርጄ መረቤን ልፍታ።