ለአህያ ዋስ የሆንኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አህያ ስም አልነበራትም። ውሻ ስም ነበረው፣ በሬ ስም ነበረው፣ አህያ ግን ስሟ "መጭ!" ነበር። ተነሺ ሲሏት መጭ፣ ፍጠኚ ሲሏት መጭ፣ ዱላው ሲያርፍባትም መጭ። መብት ብሎ ነገር ማን ሰምቶ! መብት እንኳን ለአህያ ለእኛም የመጣው በቅርብ ነው፣ እሱም ገና መንገድ ላይ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን የማጫውታችሁ ግን የድሮ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት እዚሁ ቁስቋም መውጫ፣ እዚሁ የተቀመጣችሁበት ደጃፍ ላይ የሆነ ነው።

ተሰማን ታውቁታላችሁ፣ ማኪና በማይገባበት ቅያስ ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶ በአህያ የሚያመላልሰውን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁጡ ነው እንጂ። ታዲያ አንድ ቀን እኔ እግሬን የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ከትቼ ጋቢ እየሠራሁ፣ እሱ ዳገቱን ይዞ መጣ፣ እና አህያዋ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ተጭናለች። ሦስት! ታዲያ ልክ ደጄ ስትደርስ ተኛች። ዝም ብላ ተኛች። "መጭ!" አላት። ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። "መጭ አልኩ!" ዱላውን አነሳ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጀርባዋ ላይ ቁስል ነበረ፣ እዚያው ቁስሉ ላይ። "አንቺ ሰነፍ! በማርያም እልሻለሁ፣ ካልተነሳሽ እንጦጦ ወስጄ ለጅብ ነው የምሰጥሽ!" እና ተሰማ ከማለ ማለ ነው። የፊተኛዋን አህያ ስታረጅበት ወስዶ ጫካ ውስጥ ትቷት ነው የመጣው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ይሄኔ ማርታ ከቤት ዘላ ወጣች። ማርታ የልጄ ልጅ ናት፣ እጽዋት ማዕከል የምትሠራዋ። "ጋሽ ተሰማ! እንስሳም መብት አለው እኮ!" "የምን መብት?" "ያለመደብደብ! ከአቅም በላይ ያለመሸከም!" ተሰማ ዱላውን ተደግፎ አያት፣ አያትና፣ "አንቺ የምትሠሪው ዛፍ ላይ አይደለም እንዴ? ዛፉ አለቀና ወደ አህያ ተዛወርሽ?" አላት።

እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ሳቄን ሰማችና ወደኔ ዞረች። "አባባ፣ ሰው ሰውን ሲበድል ሽምግልና ትቀመጣላችሁ። ለእሷስ ማን ይቀመጥላት?" እኔም ለጨዋታ፣ ለጨዋታ ብዬ እኮ ነው፣ "በይ እሁድ እንቀመጥላታለን" አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ወሬው ሳይመሽ ሽሮ ሜዳ ደረሰ።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሰዉ ደጄን ሞላው፣ ግማሹ ሊስቅ ነው የመጣው። አቶ ከበደም መጡ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ፣ ከረባት ሳያስሩ ፍርድ የማይናገሩት። አህያዋንም ማርታ ስባ አመጣቻት። እኔና አቶ ከበደ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። "ከሳሽ ትቁም" አሉ አቶ ከበደ። "ቆማለች" አለ ከኋላ አንዱ። "ተከሳሽስ ምን ይላል?"

ተሰማ ኮፍያውን አወለቀ። "እግዜር አህያን የፈጠራት ለሸክም ነው። ጌታችንም እኮ በሆሳዕና በአህያ ተቀምጧል።" ታዲያ እኔ ምን አቅበጠበጠኝ! ፈጠን ብዬ፣ "ጌታ ሲቀመጥባት ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ደርቦ ነበር?" አልኩት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ አንዷማ እልል አለችልኝ። እኔም ጢሜን እየዳበስኩ ኮራሁ፣ ኮራሁላችሁ።

ተሰማ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ጠበቀና፣ "ጋሽ አንጁሎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ሲሚንቶው የማን ነበር?"

እጄን ከጢሜ አወረድኩ።

"የኋላ ግድግዳዬ ለቁስቋም በዓል ተለስኖ ይድረስልኝ፣ በአንድ ጉዞ ጨርሰህ አምጣ ያሉኝ ማን ናቸው? ሦስት አትችልም ስልዎት፣ 'አህያ አይደለች እንዴ!' ያሉኝስ ማን ናቸው? ማርታም ሰምታለች። አያቷን ፈርታ እኔ ላይ ጮኸች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው!"

ማርታን ባያት መሬት መሬት ታያለች። አፈርኩ፣ ልጆቼ፣ ሐሰት የለውም፣ አፈርኩ። የአህያዋን ጀርባ ያን ቀን ነው አጥብቄ ያየሁት፣ ሥጋው ቀልቷል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ግድግዳዬ ደግሞ እዚያ ማዶ ተለስኖ ያበራል።

አቶ ከበደ ከረባታቸውን አስተካከሉ። "ጋሽ አንጁሎ፣ ከወንበሩ ተነሥተው ወደዚያ ይቁሙ።" ተነሥቼ ከተሰማ ጎን ቆምኩ፣ ምን ይደረግ! ፈረዱብን፦ ተሰማ ከሁለት ከረጢት በላይ እንዳይጭን፣ ቁስሉ ሳይድን ምንም እንዳይጭናት፣ አርጅታም ቢሆን ለጅብ እንዳይሰጣት። እኔ ደግሞ ለጀርባዋ ወፍራም ምንጣፍ እንድሸምንላት።

"እሺ፣ እምላለሁ" አለ ተሰማ። "ግን እሷም ዋስ ትጥራ!" "የምን ዋስ?" "ሥርዓት ነዋ! ሲታረቁ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። እኔ ምዬ ስገባ እሷ በየመንገዱ ብትተኛብኝስ?" ሰዉ ሳቀ፣ አቶ ከበደ ግን አልሳቁም፣ ሥርዓት አዋቂ ናቸው። "ለአህያዋ ዋስ የሚሆን አለ?" አሉ። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ዋሷ ሊያስጥል ነው?" አለ ያ ከኋላ የሚለፈልፈው። ታዲያ ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ። "እኔ ዋስ ነኝ" አልኩ። "ብትተኛስ?" "ብትተኛ እኔ እሸከምላታለሁ።" አሁን ለጨዋታ አላልኩም።

ምንጣፉን ሠራሁላት፣ ማርታ ካልሆነ ብላ ጥለትም አስገባሁበት። ቁስሉ ዳነ። እሷም ሥራ ጀመረች፣ አንድ ሳምንት ደህና፣ ሁለት ሳምንት ደህና። በሦስተኛው ተሰማ ግማሽ ግማሽ ጆንያ አሸዋ ጭኗት መጣ፣ ቀላል ጭነት ነው፣ እና እዚህ ደጃፍ ላይ ቆመች። በመስኮት አየችኝ። አየችኝና ተኛች።

"ዋስ!" አለ ተሰማ። "ዋስ ይውጣ!"

"አሟት ይሆናል" አልኩት ከውስጥ። "የምን ሕመም! ዋሷ የት እንደሚቀመጥ አውቃ ነው!" መወርወሪያዬን ጥዬ ወጣሁ። አንዱን ጆንያ ተሰማ ተሸከመ፣ አንዱን እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ! አህያዋ ጭነቱ ሲወርድላት ብድግ አለች። ዳገቱን ጀመርን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከመሃል፣ ተሰማ ከኋላ፣ ሰፈሩ በር በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ገመዱ ትከሻዬን ገዘገዘኝ። ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ቆም ስል፣ ከኋላዬ፣

"መጭ!"

እና እኔ፣ ልንገራችሁ፣ ሄድኩ! ፈጥኜ ሄድኩ! አሥር እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ዞር አልኩ። "ተሰማ፣ ማንን ነው?" "ይቅርታ ጋሽ አንጁሎ፣ ለእሷ ነው፣ አፌ ለምዶ ነው።" "እሷማ ቆማለች! የሄድኩት እኔ ነኝ!" (ጋሽ አንጁሎ ይስቃሉ፣ ሳቁም ሳል ያመጣባቸዋል።)

መብት አለው የለውም የሚለውን ማርታ ትከራከረው፣ እኔ ያልተማርኩ ሸማኔ ነኝ። ግን ያቺ ቃል ከኋላ ስትመጣ እንዴት እንደምታዋርድ በጀርባዬ ሰምቻታለሁ። "አህያ አይደለች እንዴ" ያልኩበትን አፌን ያን ቀን ነው የረገምኩት።

"ታዲያ ጋሽ አንጁሎ፣" አልናቸው፣ "አህያዋ አሁን ደህና ናት?"

"ደህና? ከእኔ ትሻላለች! ቆይ... ኮቴ አይደለም እንዴ የምሰማው? ኧረ እሷ ናት! ተነሡ፣ መስኮቱን ዝጉልኝ፣ እንዳታየኝ!"