ከቁልቋሉ ወዲህ

መስኮቱን ዝጊው እስኪ ቢልቂስዬ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተን ዳገቱን ከመጀመራችን የደሴ ብርድ ሊቀበለን መጣ። ሻርፕሽን ደረብ አድርጊ... አዎ፣ እንደሱ። የመጽሐፉ ምርቃት ግን እንዴት ያምር ነበር! አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ዋለ እኮ። አንቺማ አስፈርመሻል፣ ማሻአላህ።

እኔ መቼም አንባቢ አይደለሁም። ይሄን ግን እስከ መጨረሻው ጨረስኩት፤ ለምን መሰለሽ? እናቲቱን የማውቃት መሰለኝ። ዓይኗ ጠፍቶ፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ እየሸፈነች፣ ሾርባ ሲሰጧት "ጨው የለውም" እያለች... ቁርጥ የኔን እናት! ያው እናት ሁሉ አንድ ናት። ልጁ ደግሞ እህት እንኳ የለውም፣ ምስኪን። ብቻውን አዝሎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያመላልሳታል፣ ያጥባታል፣ ያገላብጣታል። ወላሂ ሳነበው ወገቤን አመመኝ! የተሸከመው እሱ፣ እኔን ምን ያመኛል?

ጋዜጠኛው "ከራስህ ሕይወት ነው?" ሲለው የመለሰውን ሰማሽ? "ደራሲ ከተኖረ ሕይወት ውጭ ምን አለው?" እውነቱን ነው፣ የተኖረውን ነው የጻፈው። ማን እንደኖረው መናገር ደግሞ የደራሲ ሥራ ነው እንዴ? ድሮ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል ነበር። ዘመን ሠለጠነ፣ ዛሬ ብዕር ሆኗል።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ እኔም አንድ ወንድም አለኝ። እናታችን ታማ ተኝታ፣ እሱ ወዳለበት ኮምቦልቻ ስንደውልለት "እየጻፍኩ ነው" ይለን ነበር። አሁን ነው የገባኝ... ለካ እያስታመማት ነበር!

ከሾፌሩ ጎን ያሉት ሰውዬ ምነው አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀበሩት? ብርዱ ነው መሰለኝ።

እስኪ መጽሐፉን ገልብጪው። ጀርባው ላይ ያለውን ፎቶ አየሽ? እናቱ መቃብር ላይ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ነው። ያቺ ቁልቋል ትታይሻለች? እኛ ሴቶች ቀብር አንወጣም። የኔን እናት ጉድጓድ ገብቶ የተቀበላት ጎረቤታችን ሀምዱ ነው። ልጇ ይመጣል ተብሎ ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ... የአስር ሶላት ደረሰ፣ ሬሳ ደግሞ አይከርምም። ኋላ መቃብሯን ለማየት ለዚያራ ስሄድ ሀምዱ በጣቱ አሳይቶኛል፣ የእናቴ ከቁልቋሉ ማዶ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት፣ ከቁልቋሉ ወዲህ የተኙት፣ እትዬ ኡሙሰልማ ናቸው። በአጥር ተጣልተው ከእናቴ ጋር እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተነጋገሩት! የገዛ ልጆቻቸው እንኳ እንደዚያ አላለቀሱላቸውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ መቃብሩ ቢሳሳት ምን አለበት?

እኔን የሚያንገበግበኝ እናቴ ናት። ማዶ ሆና ድምፁን ሰምታ ምን ትል ይሆን? "ያቺ ሴትዮ አጥሬን ገፍታ ገፍታ፣ አሁን ደግሞ ልጄን ወሰደችው"...?

ነገ እንግዶቹን ይዞ እዚያው ለዱዓ ሊወጣ ነው አሉ፣ ካሜራም አለ። ሀምዱ "ልምራቸው ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ ተው አልኩት፤ ደራሲ ለገዛ እናቱ መቃብር መሪ ይፈልጋል እንዴ?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደረስን መሰለኝ። እንግዲህ ከመውረዳችን በፊት ልመርቀው፣ ደክሟልና። አሚን በይ ቢልቂስዬ፣ እርስዎም ጋቢና ያሉት፣ አሚን ይበሉ። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው። ብዕሩን አያድርቅበት። ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ ይስጠው፣ ልጁም ደራሲ ይሁንለት። አርጅቶ፣ ዓይኑ ደክሞ አልጋ ላይ የዋለ ቀን... ልክ እሱ እናቱን እንዳስታመማት፣ ልጁም እንዲሁ አድርጎ ያስታምመው።