ወደ ሲራክ ደጅ

(ከሰልፉ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፤ ሰልፉን ያስተባበረው መምህር ገረመው በእድሩ ዳኛ በጋሽ ይፍሩ ቤት።)

ገረመው፦ ድንጋዩን አንገቴ ላይ የምሸከመው እኔ ነኝ። እርስዎ ከፊቴ ይቅደሙልኝ እንጂ ሌላ ምን ለመንኩ?

ጋሽ ይፍሩ፦ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ አልኩህ። መንደሩ ሙሉ ሽበት አይደል?

ገረመው፦ ሲራክ የሚያከብረው እርስዎን ነው። ሌላውን ከደጅ ይመልሰዋል።

ጋሽ ይፍሩ፦ ምን ብለህ ልትወድቅ ነው እግሩ ላይ?

ገረመው፦ ያውቁታል እኮ ጋሼ።

ጋሽ ይፍሩ፦ እሱ ፊት አፍህ እንዳይታሰር እዚሁ ተናገረው።

ገረመው፦ ድልድዩ ጋ መንገድ ዘግተን ነበር። ባጃጅ መጣ። ሚስቱ ወይንሸት ምጥ ይዟት ውስጥ ተኝታለች። ሲራክ ወርዶ ለመነኝ። ሰልፈኞቹ ልጆች ለአንድ ከከፈትን ለሁሉም ነው አሉ፤ እኔም በሌላ በኩል ዙሩ አልኩት።

ጋሽ ይፍሩ፦ በሌላ በኩል መንገድ አለ?

ገረመው፦ የለም።

ጋሽ ይፍሩ፦ ታውቅ ነበር?

ገረመው፦ እዚሁ አይደል የተወለድኩት።

ጋሽ ይፍሩ፦ ቀጥል።

ገረመው፦ በሸክም አሻገሯት። ጤና ጣቢያው ሕፃኗን አተረፈ፤ ለእናቲቱ ግን አልደረሰላትም።

ጋሽ ይፍሩ፦ ነፍሷን ይማር። ሰልፉ ለምን ነበር?

ገረመው፦ ጤና ጣቢያው አዋላጅና መድኃኒት ይሟላለት ብለን።

ጋሽ ይፍሩ፦ ኩል ልትኳል ዓይኗን አጠፋች።

ገረመው፦ ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ጋሽ ይፍሩ፦ ማን ሳቀ? ለመሆኑ ተሟላለት?

ገረመው፦ አዲስ ታፔላ ተሰቀለለት። ልጆቹ ዳግም እንውጣ ብለው ቢደውሉ ስልኬን አጠፋሁ። ያኔ በድምፅ ማጉያ ስለ እናቶች ስጮህ የነበርኩት ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ጋሽ ይፍሩ፦ ጥያቄያችሁስ እውነት ነበር።

ገረመው፦ ታዲያ ምን ይዞዎት ነው የማይመጡልኝ?

ጋሽ ይፍሩ፦ መንገዱን በምን ዘጋችሁት?

ገረመው፦ በእድሩ የድንኳን ቋሚ። ልጆቹ ናቸው ያመጡት፤ ዕቃ ቤቱን ሰብረው መሰለኝ።

ጋሽ ይፍሩ፦ አልሰበሩም። ቁልፉን በእጄ ሰጠኋቸው፤ በርቱ ብዬ መረቅኋቸው። በማግስቱ በዚያው እንጨት የወይንሸትን ድንኳን አስተከልኩ። ሲራክ ሥሩ ተቀምጦ፣ ‘አባቴ፣ እርስዎ ባይኖሩ’ እያለ ጉልበቴን ሳመኝ። ዝም አልኩት።

ገረመው፦ እስካሁን አያውቅም?

ጋሽ ይፍሩ፦ ጋቢዬን አቀብለኝ። እኔ አስቀድሜ ልንገረው።